አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መወልወያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን

ጠዋት አራት ቦንዳ ሰልባጅ ተፈታ። ሁለቱ ካፖርት፣ አንዱ የልጆች ልብስ፣ አራተኛው ከላይ ሹራብ ከሥር መጋረጃ። ሻጩ ሞኝ አገኘሁ ብሎ ሳይስቅ አልቀረም። ሰማዩ ደመና፣ ገበያው ቀዝቃዛ።

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ የመጻፍ ተሰጥኦ የለኝም፤ የምችለው የቀን ማስታወሻ መያዝ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው እየገለበጥኩ እልክልሻለሁ። የጠዋቱን ቦንዳ አብሬ ብጽፍልሽ አትታዘቢኝ። እጄ ከዚያ ካልጀመረ አይሄድም።

የጠየቅሽኝን ፈጽሜያለሁ። ባለፈው ወር ወጥ ቤት ከምትሠሪበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ፈቃድ ወስደሽ ስትመጪ፣ ተሸካሚዎቹ ወንድምሽን መሀል አቁመው «ክቡር ሚኒስትር» እያሉ እጅ ሲነሱት አይተሽ በሱቄ በር ላይ ያለቀስሽው ለቅሶ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ ፊት የሚለቀስ ለቅሶ አልወድም። ቢሆንም እንዲያው በከንቱ አለቀሰች አልልም። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ስለሚውል ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው። መኪና ሲመጣም እሱ እጁን አንስቶ «ይጫን» ካላለ አንድ ቦንዳ አያነሱም ነበር። እኔ የሥራ ሰዓት ስለማያባክን ዝም ብዬ አልፌዋለሁ፤ አንቺ ግን የእናትሽ ልጅ ሲሾፍበት ነው ያየሽው።

አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ከመጋዘኑ በስተኋላ ያለችውን ውስጠኛ ክፍል አስጠርጌ ሰጥቼዋለሁ። መስኮት አላት፣ ጠረጴዛ ገብቶላታል፣ ወንበሩም መደገፊያ ያለው ነው። ሥራው ያው የለመደው ነው፦ የካፖርትና የጃኬት ኪስ መፈተሽ፣ ቁልፉን መቆለፍ፣ ዚፑን መዝጋት። ልብሱ እዚያው ይገባለታል፣ ሲጨርስ ከበሩ ይነሳለታል። ከተሸካሚዎቹ ማንም ደጃፉን እንዳይረግጥ፣ ማንም በዚያ ስም እንዳይጠራው አስጠንቅቄያለሁ። አንዱን ደግሞ አሰናብቼዋለሁ። ምን እንዳደረገ አልጽፍልሽም፤ ደንበኛ ፊት ያስጨፍረው ነበር ካልኩሽ ይበቃል።

የተሸካሚዎቹ አለቃ ክሬኑ አኩርፎኛል። ክሬኑ ያሉት ከሸንበቆ ስለሚቀጥን ነው። ይበርድለታል።

እሱ እንዴት ነው ላልሽው፣ ዛሬ ራሴ ገብቼ ጠየቅሁት። «ደህና ነኝ ጋሼ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለኝ። ለሁሉ ነገር ይህን አንድ መልስ የሚሰጠው ለምንድን ነው? አቀርቅሮ ይሠራል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ መጋዘን ውስጥ አልነበረም። ልብሽ ይረፍ። እጅሽ ተቃጥሏል ሲሉ ሰማሁ፤ እንዴት ሆነ?

የእናታችሁ ጎረቤት


እሑድ፣ ጥቅምት 18 ቀን

የተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። እዚህ ደብዳቤ የሚመጣውም የሚሄደውም የአስፋልት በርሜል በሚያመላልሰው መኪና ነው። ስልክ ያለው ኢንጂነሩ ቢሮ ብቻ ሲሆን እሱም ለሞትና ለአደጋ ነው።

እጄን ለጠየቁኝ፣ ድኗል። ትልቁ ድስት ነው የላጠኝ። ማን እንደነገረዎ አላውቅም፤ ለወንድሜ እንዳይነግሩት ብቻ እለምንዎታለሁ።

ስለ ለቅሶዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደንበኛዎን አሸሽቼ ይሆናል። እናታችን ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አደራ፣ ማንም እንዳይስቅበት» ነበር ያለችኝ፤ ያን ቀን ያየሁት ደግሞ የሰው ጥርስ ብቻ ነው። ውለታዎን የሚከፍል እግዚአብሔር ነው።

ለምን ለሁሉ ነገር አንድ መልስ ይሰጣል ብለው ለጠየቁኝ፣ እናታችን አስተምራው ነው። ልጅ ሳለ እንግዳ እንዴት ነህ ሲለው እውነቱን ነበር የሚናገረው። «ሆዴን ያመኛል» ይላል፣ «እናቴ ትናንት አለቀሰች» ይላል። እንግዳው ይደነግጣል፣ እናታችን ታፍራለች። በመጨረሻ አስቀምጣ «ሰው እንዴት ነህ ካለህ ደህና በል፣ አንተስ በል፣ ከዚያ ዝም» አለችው። በትክክል የመለሰ ቀን ስኳር ታልሰው ነበር። እኔም እንግዳ ሆኜ በር እያንኳኳሁ አለማምጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

እዚህ ሰው ይበዛል፣ ጨዋታ ግን የለም። በልተው ይነሳሉ፤ የማውቃቸው በሰሃናቸው ነው፤ ማን እንደሚያስተርፍ፣ ማን እንደሚልስ። ሰሃን ሳጥብ ወንድሜን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አስበዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። መስኮቱ ወዴት ነው የሚያሳየው? ምሳውን ይበላል ወይ? እርስዎስ ብቻዎን ነዎት ወይ?

እህትዎ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ቀን

ጠዋት ሦስት ቦንዳ። አንዱ ሳይፈታ ዋለ፤ ከፊተኛው የተረፈ ካፖርት ክፍሉን ሞልቶታል። አንድ ደንበኛዬ ከገዛችው ጃኬት ኪስ የሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘች። ጥርሱን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ይሄ ምርቃት ነው?» አለችኝ።

ውድ እህቴ፣

መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት መጋዘን ግድግዳ ነው። ብርሃን ግን ያስገባል።

ይበላል ወይ ላልሽው፣ አይበላም ብል ይቀለኛል። ምሳውን የምልክለት እኔ ነኝ፤ እንደሄደ ይመለሳል። ካፖርቱ ሰፍቶታል። ቁልፉን አንድ እያሳለፈ ነው የሚቆልፈው፤ ይህ በእሱ ያልታየ ነገር ነው። ኪስ ሳይፈትሽ ያሳልፋል። የሚኖርባት ክፍል ከሱቁ ጓሮ ስለሆነች እንደማይተኛ አውቃለሁ፤ ስመጣ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ደህና ነህ ስለው ደህና ነኝ ይላል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ወጣቱ ሐኪም ሆዱን ነካካ፣ ደም ወሰደ፣ ምንም የለውም አለ። አይተኛም፣ አይበላም፣ ሥራ ጠልቷል ብዬ ነገርኩት። ፊቱን አየት አድርጎ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እንዲሁ ናቸው አለኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረም ስለው፣ እንግዲህ ዕድሜ ይሆናል አለ። ለሆድ የሚሆን ሽሮፕ ጽፎልን ወጣን።

በግልጽ ልንገርሽ። የማይሠራ ሠራተኛ ይዤ ብዙ መቆየት አልችልም። ለማስፈራራት አይደለም፤ ኋላ «ሳይነግሩኝ» እንዳትዪ ነው። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ዕቃ ያለ ምክንያት አይበላሽም። ወይ እርጥበት ነክቶታል፣ ወይ አይጥ ገብቶበታል፣ ወይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ዕቃ ጥዬ አላውቅም።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ስለ እሱ እንጂ ስለ ራስሽ አትጽፊም።

የእናታችሁ ጎረቤት


ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን

ጠዋት ሁለት ቦንዳ፣ ሁለቱም ካፖርት። ደረቅ፣ ንጹሕ። ከሐኪም ቤት ስመለስ ነው የተፈታው።

ውድ እህቴ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ እጽፋለሁ፤ ወሬው የሚያድር አይደለም።

መጀመሪያ ክሬኑን ሄጄ አናገርኩት። ካኮረፈ ወር አልፎታል፣ እኔም ቀድሜ የማናግር ሰው አይደለሁም፤ ግን ወንድምሽን ከእኔ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ምን ነካው ብዬ ጠየቅሁት። ቦንዳው ላይ እንደተቀመጠ «ጋሼ፣ እሱን ነው ከእኛ የጠበቁት ወይስ እኛን ከእሱ?» አለኝ። ከዚያ ንግግሩ ተፈታ። ወንድምሽ ከኪስ ያገኘውን ሁሉ ይዞላቸው ይመጣ ነበር። የአውቶቡስ ቲኬት ከሆነ ሰውዬው ወዴት ሲሄድ እንደነበር ይከራከራሉ፤ የሴት መሀረብ ከሆነ ማን እንደሰጠው ይጣላሉ፤ ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ይግባኝ የለም። ክሬኑን ሽቦ ብሎ ሲሰድበው ሁሉም መሬት ላይ ይወድቁ ነበር። «ያ ያባረሩት ልጅ ሰው ነው ብዬ አልከራከርዎትም» አለኝ። «ግን ለአንድ የበሰበሰ ብለው ቦንዳውን ጣሉት።»

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ይህ ሆነ። ልብስ ስንለይ በአራት ክምር ነው፤ አንቺም አይተሻል። አንደኛ መስኮት ላይ የሚሰቀል፣ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ሦስተኛ በጅምላ የሚሄድ፣ መወልወያ ደግሞ ቁልፉ ተቆርጦ፣ ተቀዳዶ ለጋራዥ ዘይት መጥረጊያ የሚሆን። አየር እንዲያገኝ ብዬ ወንድምሽን ከክፍሉ አውጥቼ ከክምሮቹ መሀል አቆምኩት። ደህና ነህ አልኩት። ደህና ነኝ ጋሼ፣ እርስዎስ አለ። ያኔ ነው የራሴን ሥራ ያስታወስኩት። ሻጭን ዕቃህ እንዴት ነው ብትዪው ጥሩ ነው ይልሻል፤ ስለዚህ ሻጭ አይጠየቅም፣ ዕቃው ይዘረጋል።

«ዛሬ አንተ ስንተኛ ነህ?» አልኩት።

ክምሮቹን አንድ በአንድ አያቸው፣ ልብስ ሲለይ እንደሚያየው። ከዚያ ካፖርቱን ከአንገቱ ጀምሮ ፈታ። አወለቀው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቁልፉን መልሶ ቆለፈ፣ አጠፈው፣ ወስዶ መወልወያው ላይ አኖረው። በሸሚዝ ቆሞ፣

«መወልወያ» አለ።

እርስዎስ ብሎ አልጠየቀኝም።

ካፖርቱን አንስቼ አለበስኩት። ዛሬ ጠዋት ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። የጠየቀችውን ሁሉ ደህና እያለ መለሰላት። የክምሩን ነገር ስነግራት አልሳቀችም። አራት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስማቸውን ከእሱ ጠይቃ አስነገረችው። ከዚያ ጠዋት ስትነሳ ስንተኛ ነህ? መወልወያ። መስኮቱ ያለበት ክፍል ውስጥስ? መወልወያ። ከተሸካሚዎቹ ጋር ስትሠሩ? ብዙ አሰበና ሁለተኛ ላይ እጁን አደረገ። አንደኛ የሆንክበት ቀን የለም ወይ አለችው። «እህቴ የመጣች ቀን፣ ጠዋት» አላት። ያለቀስሽበትን ከሰዓት በኋላ አልጨመረም። ለምን ውስጠኛው ክፍል እንደገባህ ታውቃለህ ስትለውም መልስ ሰጥቷታል። ያን መልስ ዛሬ አልጽፍልሽም።

ድባቴ ነው አለችኝ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ ነገር ነው፣ ድባቴ ሌላ፤ ውስንነት ያለው ሰው እንደማንኛችንም ያዝናል፣ ይሰለቻል፣ ይናፍቃል፤ ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «እንዲሁ ነው» ይላል፣ በዚህም ሳይታከም ይቀራል አለች። ገባኝ። አንድ ቦንዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው፤ ካልተፈታ አይታይም። በየጠዋቱ የሚዋጥ ክኒን ሰጥታናለች። በየሰኞው እንመለሳለን። ሥራ እንዳያቆም፣ ብቻውን ግን እንዳይቀመጥ ብላለች። ጠረጴዛውን ዛሬውኑ ወደ መጋዘኑ በር አወጣሁት።

ስለ ስሙ፣ ስለ «ይጫን» ምን እንደምናደርግ ጻፊልኝ። አንቺ ካልፈቀድሽ አልመልሰውም።

የእናታችሁ ጎረቤት


ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን

የተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? የኅዳር አንድ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ሽንኩርቱ አረረብኝ።

አልተቀየምኩም። የማይሠራ ሠራተኛ ይዘው መቀጠል እንደማይችሉ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላው ሰው ቢሆን አንድ ቀን ሻንጣውን ደጅ አስቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ከእርስዎ የሚጠበቀውንም የማይጠበቀውንም አድርገውልናል።

ሥራው ነው የጎዳው። ከአቅሙ በላይ ነው፤ እኔ ነኝ እንደ ሰው ይሥራ ብዬ ያስጨነቅኩት። ለአክስታችን በሾፌሩ እጅ ደብዳቤ ልኬላታለሁ። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ግቢዋ አጥር አለው። ማንም አያየውም፣ ማንም አይስቅበትም። በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ትወስደዋለች። ልብሱን በትልቁ ሻንጣ ያድርጉለት። ዕቃ ካነሰው ከደመወዜ ይላካል።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነኝ።

እህትዎ


ሐሙስ፣ ኅዳር 20 ቀን

ጠዋት ሦስት ቦንዳ ተፈታ። ኪስ የሚፈትሽ ስለሌለ እኔ ፈተሽኩ። አንድ መሀረብ፣ አንድ የበር ቁልፍ፣ ብዙ አቧራ። ለማንም አላሳየሁም።

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። አንቺ የኅዳር አሥሩን ሳታነቢ ወስነሻል፣ እኔም ውሳኔሽን የሰማሁት ከአክስትሽ አፍ ነው።

ማክሰኞ መጣች። ደብዳቤሽን ይዛ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ገና ስታየው እንባዋን ጠርጋለች። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት፣ ክኒኑን አሳየኋት። እጇ ላይ ገልብጣ አየችውና «ልጄ፣ እሱ ምን ሐሳብ አለበትና ነው የሐሳብ መድኃኒት የሚውጠው?» አለችኝ። ቢሆንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የእህቱ መልስ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ቆዪልኝ ብዬ ለመንኳት። መለመን አልወድም፤ ለመንኳት። ዘመዱ ነህ ወይ አለችኝ። አይደለሁም አልኳት።

ወደ እሱ ዞራ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ አይደል ስትለው እሺ አለ። ደስ ይልሃል ስትለው፣ ደህና ነኝ አክስቴ፣ አንቺስ አላት። ወደ እኔ አየች፤ ይኸው ማለቷ ነው።

በሰባቱ ቀን ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ፤ አልጨምርም አልቀንስም። በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። አልሳቀም። ምሳውን ግማሽ መብላት ጀምሮ ነበር። ሰኞ ክሬኑ ቦንዳ ተሸክሞ በፊቱ ሲያልፍ ቀና ብሎ «ሽቦ» አለው። አንድ ቃል ነው። ክሬኑ ቦንዳውን አውርዶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ አቧራ ነው አለ።

አሁን ደግሞ ያቆየሁብሽን ልጻፈው፤ ሳታውቂው መወሰን የለብሽም። ሐኪሟ ለምን ውስጥ ገባህ ስትለው «እህቴን አስለቀስኳት። ጋሼ ውስጥ አስገባኝ» ነው ያላት። እኛ ለክብሩ ያደረግነውን እሱ ቅጣት ነው ብሎ ተቀብሎ፣ ቅጣቱንም ሳያጉረመርም ፈጽሟል።

ብቻዎን ነዎት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር በአንዱ ደብዳቤሽ፤ ዘልዬው ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ አዎን። ጠዋት ሱቅ ስከፍት እርስዎስ የሚለኝ እሱ ነበር። እናታችሁ ያስተማረችው መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ቢሆንም መልሴን ሳይሰማ አይንቀሳቀስም ነበር።

ከሄደ በኋላ መኪና መጣ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ጫኑ አልኳቸው፤ ጫኑ።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው ያንቺ ነው። ዘመዱ አንቺ ነሽ።

የእናታችሁ ጎረቤት


ሐሙስ፣ ኅዳር 27 ቀን

ጋሼ፣

የኅዳር አሥሩና የኅዳር ሃያው በአንድ መኪና መጡ። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ነበር። አሥሩን ቀድሜ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁን መጻፍ ምን ይረባል።

ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። ማን ሞተ አለኝ። እስካሁን ማንም አልኩት። ስልኩን ወደ እኔ ገፋልኝና ወጥቶ በሩን ዘጋልኝ።

አክስቴ አነሳች። እንዴት ነው አልኳት። «ደህና ነው፤ ምን ይሆናል? ተኝቶ ይውላል፣ አያስቸግርም» አለችኝ። ክኒኑንስ ስላት እንቅልፍ ያበዛበታል ብዬ ትቼዋለሁ አለች። እሱን ስጪኝ አልኳት። ትንፋሹ ተሰማኝ። «ደህና ነኝ እህቴ፣ አንቺስ?» አለ።

ደህና ነኝ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። መለስኩትና እርስዎ እንዳሉት ጠየቅሁት፤ ዛሬ ስንተኛ ነህ አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እዚህ ክምር የለም» አለኝ።

አላስለቀስከኝም፣ ሌሎቹ ናቸው ያስለቀሱኝ አልኩት፤ ይግባው አይግባው አላውቅም። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ነኝ አልኩት። «ሦስተኛ ይሸጣል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይመስለኛል። ከዚያ እውነትም ተቋረጠ።

ጋሼ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። እዚህ ስቆም ስቀመጥ ሦስተኛ ነኝ። ስለዚህ እሱን ወስጄ አጥር ውስጥ ማስቀመጤ ምን እንደሆነ አሁን ያውቁታል፤ የራሴን ክፍል ነው የሰጠሁት።

ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠው ለአክስቴ ያሳዩልኝ፦ እኔ እህቱ፣ ወንድሜን ለዚህ ወረቀት ያዥ እንድትሰጪ ፈቅጃለሁ።

ስለ ስሙ እኔን አይጠይቁኝ፣ እሱን ይጠይቁት። መልሰው ያምጡልኝ።

እህትዎ


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን

ጠዋት ምንም ቦንዳ አልተፈታም። ሁለት ገብቷል፣ እንደታሰረ ተቀምጧል።

ውድ እህቴ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል፤ ከሥር ያለውን ቆርጬዋለሁ።

ቃል አልገባልሽም። ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ክኒኑ መቋረጡ መጥፎ ነው፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ እንደ ድሮው ለመሆን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለችኝ። ከተሸካሚዎቹ ጋርም ተነጋግራለች፤ መጋዘን ድረስ መጥታ ቦንዳ ላይ ተቀምጣ ነው ያናገረቻቸው። የሚያስጨፍር ሲያዩ ዝም እንዳይሉ፣ ራሳቸውም መስመር እንዳያልፉ፣ ሲከፋው እንዲነግሯት። ክሬኑ መስመሩን በምን እናውቃለን ብሎ ጠየቃት። «መልሶ ሲሰድብህ ደህና ነው፤ ዝም ሲል አቁም» አለችው። ይህን ከእኔ በተሻለ ተረድተዋታል።

ከአክስትሽ አላጣላሽም። ሳምንት ሳምንት እሑድ መጥታ ታየዋለች፤ ግማሹ ፍርሃቷ መረሳት ይመስለኛል። እሷም ብቻዋን ናት።

የሚያሳስበኝ አንድ ነው። ከእኔ ጋር ትመለሳለህ ብለው እሺ ይለኛል። እሺ ማለቱ ደግሞ ለአክስትሽ ካለው እሺ በምንም አይለይም። የእሱን ፈቃድ ሳላውቅ አንስቼ ባመጣው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውሩት ዕቃ አደረግሁት ማለት ነው። በምን እንደምጠይቀው ሳስብ ሰነበትኩ።

የነገውን ከማስታወሻዬ እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ ነገ ሱቅ ዝግ ነው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አክስት ቤት፤ ክሬኑ አብሮኝ ይሄዳል። ለአክስት ስኳርና ሳሙና መያዝ። ከየክምሩ አንዳንድ ልብስ፣ አራት፣ በከረጢት መያዝ፤ እዚያ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ እዚህ ስንተኛ፣ መጋዘን ስንተኛ ብሎ መጠየቅ። የመሄጃው ቲኬት ተቆርጧል፣ የመመለሻው እዚያ ይቆረጣል።